60 ዛፍ ጨምረን ሞዴሉ የቀነሰው 0.4 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ሴንሰሮቹ ደግሞ ሌላ ይላሉ

የጎዳና_ንድፍ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። 300 ሜትር ርዝመትና 20 ሜትር ስፋት ያለው የእግረኛ ጎዳና እንደገና እየነደፍን ነው። እስካሁን ያለን ይህ ነው፦

በኤንቪሜት (የጎዳናን ሙቀት፣ ነፋስና ጨረር በኮምፒውተር የሚያስመስል ሞዴል) ጎዳናውን አሁን ባለበት ሁኔታና 60 ዛፍ ተጨምሮበት አስልተን አወዳደርን። ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በ1.5 ሜትር ከፍታ፣ የአየሩ ሙቀት የቀነሰው በአማካይ 0.4 ዲግሪ ነው። በተጨማሪ በመብራት ምሰሶዎች ላይ 3 ሜትር ከፍ አድርገን 12 የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር ሰቅለናል። መከላከያቸው ነጭ ሳህን በሳህን ላይ የተደረደረበት፣ ማራገቢያ የሌለው ነው። እነሱ እኩለ ቀን ላይ በዚያው አንድ ጎዳና ውስጥ እስከ 3 ዲግሪ ልዩነት ያሳያሉ፤ ሌሊት ግን ልዩነቱ ከግማሽ ዲግሪ አያልፍም።

ውሳኔ ሰጪዎቹ 0.4ን አይተው «ለዚህ ነው ይህ ሁሉ ዛፍ? ወለሉን ነጭ ቀለም ብንቀባው አይሻልም?» እያሉ ነው። ሞዴሉን እንመን ሴንሰሩን? ለዛፉስ በየትኛው ቁጥር እንከራከርለት?

ጨረር_ለኪ

0.4 ዲግሪው ትክክል ይመስላል። ኮምፒውተር ሳትነኩ በወረቀት ፈትሹት። 1 ሊትር ውኃ ሲተን 2.45 ሜጋጁል፣ ማለትም 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይወስዳል። ውኃ የማይጎድለው ትልቅ ዛፍ በቀን 100 ሊትር ያተናል እንበል። በ12 ሰዓት ስናካፍለው 5.7 ኪሎዋት ይሆናል፤ 60ው ዛፍ 340 ኪሎዋት ገደማ ነው። አሁን ወደ አየሩ እንምጣ። ስፋቱ 20 ሜትር፣ ከፍታውም 20 ሜትር በሆነ ጎዳና ውስጥ ነፋስ 2 ሜትር በሰከንድ ከነፈሰ በየሰከንዱ 800 ሜትር ኩብ አየር ያልፋል። ያን አየር በ1 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ 960 ኪሎዋት ያስፈልጋል። 340ን ለ960 ስታካፍሉ በጎዳናው መውጫ ላይ 0.35 ዲግሪ ታገኛላችሁ። ጥላው ወለሉ እንዳይሞቅ በማድረጉ የሚገኘውን ትርፍ አልቆጠርኩም፤ የመጠኑ ደረጃ ግን እዚያው አካባቢ ነው። አየሩ 300 ሜትሩን አቋርጦ የሚወጣው በ150 ሰከንድ ነውና ከዚህ በላይ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ የለውም። በዚያ ላይ ሞዴሉ በድንበሩ በኩል የሚያስገባው አየር ዛፍ ኖረም አልኖረም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ በ300 ሜትር ሞዴል ውስጥ የአየር ሙቀት ትልቅ ለውጥ አሳይቶ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር።

ፀሐይ ባለበት ቀን እግረኛውን የሚያነደው ጨረር ነው፦ ቀጥታ የፀሐይ ብርሃን፣ ከወለልና ከግድግዳ የሚንጸባረቀው፣ የጋለ አስፋልትና ግንብ የሚለቁት። ይህ ሁሉ በአንድ ቁጥር ሲጠቃለል «አማካይ የጨረር ሙቀት» ይባላል። ጥላ ውስጥና ፀሐይ ላይ በቆሙ ሁለት ሰዎች መካከል የአየሩ ልዩነት 1 ዲግሪ ላይሞላ ይችላል፤ የአማካይ የጨረር ሙቀቱ ልዩነት ግን 20፣ 30 ዲግሪ ይደርሳል። ኤንቪሜት ይህን ቁጥር ያወጣል፤ ከዚያው ፋይል ውስጥ አውጡትና አዲስ ካርታ ሥሩ። ለውሳኔ ሰጪዎች ሲቀርብ ደግሞ ወደ ዩቲሲአይ ቀይሩት። ይህ መለኪያ ሙቀትን፣ እርጥበትን፣ ነፋስንና ጨረርን አንድ ላይ ይይዛል፤ ከ32 እስከ 38 ከባድ፣ ከ38 እስከ 46 በጣም ከባድ፣ ከ46 በላይ እጅግ የከፋ የሙቀት ጫና ማለት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዩቲሲአይ የሚጠይቀው የ10 ሜትር ከፍታ ነፋስ ነው። የ1.1 ሜትሩን ንባብ እንዳለ ካስገባችሁት ውጤቱ ይዛባል። የተለመደው መቀየሪያ በ1.5 ማባዛት ነው። በጠባብ ጎዳና ውስጥ ይህ ማባዣ ግምት እንጂ ፊዚክስ አይደለም፤ ቢሆንም ሁለቱን ንድፎች በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል። ከ0.5 ሜትር በሰከንድ በታች ቀመሩ አይሠራም።

የ3 ዲግሪው ልዩነት በአብዛኛው የመከላከያው ስህተት ነው ባይ ነኝ። ማራገቢያ የሌለው መከላከያ ፀሐይ ሲበረታና ነፋስ ሲሞት ራሱ ይግላል፤ ሴንሰሩም የመከላከያውን ሙቀት ያነባል። ለማረጋገጥ የሁለት ሴንሰሮችን ልዩነት ከፀሐይ ጨረርና ከነፋስ ጋር በአንድ ግራፍ ላይ አውጡ። ልዩነቱ የሚታየው ነፋሱ ከ1 ሜትር በሰከንድ በታች ሲሆን ብቻ ከሆነ፣ ደመና ሲያልፍም በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ፣ የጎዳናው አየር አይደለም የተለዋወጠው። ሁለተኛው ፈተና 12ቱንም አውርዶ አንድ ክፍት ቦታ ላይ ጎን ለጎን ቢያንስ 3 ቀን ማቆየት ነው፤ ጥርት ያለም ደመናማም ቀን ቢገኝበት ይመረጣል። ንጋት ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት አየር ውስጥ ናቸውና ያኔ የሚታይ ልዩነት የሴንሰሩ የራሱ ነው፤ ከ12ቱ መካከለኛ ዋጋ አንጻር አስልታችሁ ትቀንሱታላችሁ። ቀን ላይ ብቻ ብቅ የሚል ልዩነት የመከላከያው ነው፤ እሱ በቀላል ቅናሽ አይታረምም። ልኬቱ ሲያልቅም ይህንኑ ድገሙ፤ አቧራና ዝናብ ሴንሰሩን ቀስ በቀስ ያንሸራትቱታል።

መፍትሔው ማራገቢያ መጨመር ነው። አየሩ ከታች ገብቶ ሴንሰሩን ካለፈ በኋላ ወደ ማራገቢያው ይሂድ፤ ተገልብጦ ከተገጠመ የሞተሩን ሙቀት ነው የምትለኩት። በሴንሰሩ ላይ የሚያልፈው አየር ቢያንስ 2.5 ሜትር በሰከንድ ይሁን። ክንዱም ከምሰሶው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ፤ ብረት ምሰሶ ከሰዓት በኋላ ራሱ ምድጃ ነው። የአየር ማቀዝቀዣ የሚተነፍስበት ግድግዳ አጠገብ የተሰቀለ ካለ ግን ምንም ማራገቢያ አያድነውም፤ ቦታውን ቀይሩ።

ነጭ_ጣሪያ

ስለ ቀለሙ ብቻ። እኩለ ቀን ላይ 900 ዋት በስኩዌር ሜትር የሚወርድበትን ወለል ውሰዱ። አልቤዶው (ካረፈበት የፀሐይ ብርሃን የሚመልሰው ድርሻ) 0.10 ከነበረ ያረጀ አስፋልት ወደ 0.40 ብትወስዱት ወደ ላይ የሚንጸባረቀው በ270 ዋት ይጨምራል። ወለሉ ከ60 ዲግሪ ወደ 50 ቢወርድ ራሱ የሚለቀው ረጅም ሞገድ (የሙቀት ጨረር) የሚቀንሰው በ76 ዋት ገደማ ነው። እግረኛው እዚያ ላይ ሲቆም 270 ተጨምሮበት 76 ተቀነሰለት ማለት ነው። ሎስ አንጀለስና ፊኒክስ ውስጥ በተቀቡ መንገዶች ላይ የተደረጉ ልኬቶችም ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ የወለሉ ሙቀት ይወርዳል፣ በእኩለ ቀን እዚያ የቆመው ሰው የሚቀበለው ጨረር ግን ይጨምራል።

ቀለሙ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ወለሉ ቀን ያጠራቀመው ሙቀት ስለሚያንስ ማታ ይጠቅማል። ትክክለኛ ቦታው ግን ጣሪያ ነው፤ ነጸብራቁ ወደ ሰማይ ይመለሳል እንጂ ሰው ላይ አያርፍም። ለእግረኛ ወለል ከ0.25 እስከ 0.30 ባለው ውስጥ ቆዩና ሥራውን ለጥላ ተዉት። ደግሞ አዲስ ቀለም የሚለካው አልቤዶ ከጎማና ከአቧራ በኋላ የሚቀረው አይደለምና ሞዴሉ ውስጥ የካታሎጉን ቁጥር አታስገቡ።

ካርታ_ሠሪ

ለዚህ ጥያቄ ኤንቪሜት ከባድ መሣሪያ ይመስለኛል። የምታወዳድሩት ጥላን ከሆነ ሶልዌግ የተባለው የጥላና የጨረር ማስያ ይበቃችኋል፤ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ላይ በሚጫነው ዩሜፕ ውስጥ ይገኛል፤ ነፃ ነው። የሚፈልገው የሕንፃና የመሬት ከፍታ ራስተር (በእኩል ካሬዎች የተከፋፈለ ካርታ)፣ የዛፍ ከፍታ ራስተር፣ የወለል ዓይነት ካርታና በየሰዓቱ የሙቀት፣ የእርጥበት፣ የፀሐይ ጨረር መዝገብ ነው። በ1 ሜትር ጥራት አንድ ቀን ማስላት በተራ ላፕቶፕ ይቻላል፤ የዛፎቹን ቦታ ሃያ ጊዜ ቀያይራችሁ ማወዳደር ትችላላችሁ። ኤንቪሜት ላይ ሃያ አማራጭ ማስኬድ የማይታሰብ ነው።

የሚሳሳቱበት ቦታ፦ በዛፍ ውስጥ የሚያልፈው የፀሐይ ድርሻ በነባሪ 3 በመቶ ነው። ይህ ለጥቅጥቅ ቅጠል ይሠራል፤ ሳሳ ያለ ቅጠል ላለው ዛፍ ግን ጥላውን ታጋንናላችሁ። ከጥላው ሥር በጨረር መለኪያ አንብቡና ክፍት ቦታ ላይ በተነበበው አካፍሉ፤ ያ ነው የእናንተ ቁጥር። ሌላው አዲስ ችግኝን የ20 ዓመት ዛፍ አድርጎ መሣል ነው። ሁለት ሁኔታ አስሉ፤ አንዱ በ5ኛ ዓመት፣ አንዱ ሲጎለምስ። ውሳኔ ሰጪ የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ነው።

ጨረር_ለኪ

@ካርታ_ሠሪ በጥላው እስማማለሁ፤ ግን ሶልዌግ የአየሩን ሙቀት በሙሉ ካርታው ላይ አንድ አድርጎ ነው የሚይዘው፣ ነፋሱንም አያሰላም። 60 ዛፍ በ20 ሜትር ጎዳና ውስጥ በሁለት ረድፍ ከተተከለ በእግረኛ ከፍታ ያለውን ነፋስ ያዳክማል። አክሊሎቹ ከተያያዙ ደግሞ ማታ ወለሉ ወደ ሰማይ የሚለቀውን ረጅም ሞገድ ይይዛሉ። ቀን ያተረፋችሁትን ማታ በከፊል ትመልሳላችሁ ማለት ነው። እዚህ ላይ ኤንቪሜት ወይም ፓልም (ነፋስን የሚያሰላ ሌላ ሞዴል) ያስፈልጋል። በሶልዌግ አጣሩ፣ ሁለት ወይም ሦስት ምርጥ አማራጭ ሲቀራችሁ በከባዱ ሞዴል አስኪዱ።

ኤንቪሜት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም ይህ ነው፦ የሞዴሉ ከፍታ ከረጅሙ ሕንፃ ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይሁን። ከሕንፃዎቹ እስከ ድንበሩ ቢያንስ 10 ባዶ ሕዋስ (የሞዴሉ ግሪድ፣ ማለትም የካሬ መረቡ፣ አንድ ካሬ) ተዉ፤ ድንበሩ አጠገብ ያለ ውጤት አይነበብም። ጎዳናው ከግሪዱ ጋር ሰያፍ ከሆነ ግድግዳው ደረጃ ደረጃ ይሆንና ነፋሱንም ነጸብራቁንም ያበላሻል፤ ግሪዱን አዙሩት። ስሌቱ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት፣ ሌሊት 10 ሰዓት ግድም ይጀምር፤ ቢቻል 48 ሰዓት አስኪዱና ሁለተኛውን ቀን ውሰዱ። እኩለ ቀን ላይ የተጀመረ ስሌት ግድግዳዎቹ ገና ያልጋሉበት ከተማ ነው የሚሰጣችሁ። የአፈሩን እርጥበትም ተመልከቱ፤ ደረቅ አፈር ካስገባችሁ ዛፉ የቅጠሉን ቀዳዳ ይዘጋል፣ ትነቱም ይቀራል። አጠጣጥ በንድፉ ውስጥ ከሌለ ደግሞ እርጥብ አፈር ማስገባት ራስን ማታለል ነው።

የጎዳና_ንድፍ

በጣም አመሰግናለሁ። የመከላከያውን ፈተና ሠራን፤ እንዳላችሁት ደመና ሲያልፍ ልዩነቱ ይጠፋል። አሁን ጨረርን መለካት እንፈልጋለን፤ ሦስት ግሎብ ቴርሞሜትር (ሉል ውስጥ የተከተተ የሙቀት መለኪያ) እና አንድ የነፋስ መለኪያ ማግኘት እንችላለን። እንዴት እንሥራው፣ የትስ እናቁመው? አንድ የሥራ ባልደረባ ደግሞ ከላንድሳት ሳተላይት የተገኘ የወለል ሙቀት ካርታ ይበቃል ይላል።

ነጭ_ጣሪያ

ላንድሳት ለዚህ አይሆንም። የላንድሳት 8 እና 9 የሙቀት ካሜራ ትክክለኛ ጥራቱ 100 ሜትር ነው፤ 30 ሜትር ሆኖ የምታገኙት ተከፋፍሎ ነው። ጎዳናችሁ 20 ሜትር ነው። የሚያልፈውም በአካባቢው ሰዓት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ እያንዳንዳቸው በ16 ቀን አንዴ ነው። የሚያየውም ጣሪያና የዛፍ አናት እንጂ እግረኛው ያለበትን አይደለም። ከከተማው የትኛው ሰፈር ይቅደም ለሚለው ጥሩ ነው፤ ለጎዳና ንድፍ አይደለም።

ጨረር_ለኪ

ግሎቡን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ደረጃውን የጠበቀው 150 ሚሊ ሜትር ጥቁር የመዳብ ሉል ነው፤ ነገር ግን ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲወጣ ለመረጋጋት 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ ጥቁርነቱም ከለበሰ ሰው የበለጠ ፀሐይ ያጠጣዋል። ለውጭ ልኬት የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ በደብዛዛ ግራጫ ቀለም (የቀለም ኮዱ ራል 7001) ቀቡት። በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱና የሴንሰሩ ጫፍ መሐል ላይ እንዲቆም አድርጋችሁ ቀዳዳውን በሲሊኮን ዝጉ። ጫፉ የኳሱን ግድግዳ ከነካ የአንድ ጎን ሙቀት ያነባል። 1.1 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቀጭን ነጭ ዘንግ ላይ ይቁም። ቀለሙ ከላጠ ወይም ካብረቀረቀ ኳሱን መለወጥ ነው።

ስሌቱ ይህ ነው። የኳሱን ሙቀት ወደ ኬልቪን ቀይሩና አራተኛ ኃይሉን አስሉ። ከዚያ 1.335 × 10⁸ን በነፋስ ፍጥነቱ 0.71ኛ ኃይል አባዙ፤ ለ (0.95 × 0.038 በ0.4 ኃይል) አካፍሉ፤ በኳሱና በአየሩ ሙቀት ልዩነት አባዙ። ሁለቱን ደምሩ፣ አራተኛ ሥር አውጡ፣ 273.15 ቀንሱ። ይህ ማባዣ በ38 ሚሊ ሜትር ኳስ ላይ የተስተካከለ ነው፤ የዛሬዎቹ ኳሶች 40 ናቸው። በ0.040 ብታሰሉ የሁለተኛው ክፍል ለውጥ 2 በመቶ ያህል ነው።

ነፋሱ ላይ ተጠንቀቁ። አየሩ 30፣ ኳሱ 38 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ 1 ሜትር በሰከንድ ከሆነ ውጤቱ 68 ዲግሪ ነው። ያንኑ ነፋስ 0.5 ብላችሁ ካነበባችሁት 57 ይሆናል። 11 ዲግሪ በነፋስ መለኪያ ስህተት ብቻ ጠፋ! ባለ ኩባያ መለኪያ ከ0.5 በታች አይሽከረከርም፤ ዜሮ ከጻፈ ደግሞ ሁለተኛው ክፍል ይሰረዝና የኳሱ ሙቀት ራሱ ውጤት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ መለኪያ ፈልጉ። አንድ ብቻ ስላላችሁ በሁለት ቦታ ያለ ነፋስ አንድ ነው ብላችሁ አታስቡ፤ ከዛፍ ሥርና ከክፍት ቦታው መካከል የሚዛወረው እሱ ይሁን። ሁሉንም በ10 ደቂቃ አማካይ ያዙ፤ ካዛወራችሁ በኋላ የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ ጣሉ።

አቀማመጥ፦ አንዱ ኳስ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኝ ክፍት ቦታ ላይ ሳይነቃነቅ ይቆይ፤ ማመሳከሪያችሁ እሱ ነው። ሁለተኛው ባለው ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ከጥላው ዳር ሳይሆን መሐል። ሦስተኛው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከሚያርፍበት ግድግዳ 1 ሜትር ርቀት ላይ፤ ሞዴሎች በብዛት የሚወድቁት እዚያ ነው። ጥርት ያሉ 3 ቀናት በቂ ናቸው፤ ከንጋት እስከ ምሽት ይሁን።

ካርታ_ሠሪ

ያን መዝገብ ስታገኙ ሞዴሉን በእነዚያው 3 ነጥቦች አንብቡና በየሰዓቱ አወዳድሩ። በአማካይ የጨረር ሙቀት 5 ዲግሪ አካባቢ ስህተት ለሶልዌግ የተለመደ ነው፤ አያስደንግጣችሁ። ከአማካዩ በፊት ግን ኩርባውን እዩ። ሞዴሉ ነጥቡ ጥላ ውስጥ የገባው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው ካለና ኳሱ ግን በ10 ሰዓት ከወደቀ፣ ቁሳቁሱን አትነካኩ፤ ሰዓቱ ነው። ሦስት ምክንያት አለው፦ የሰዓት ዞኑ ተሳስቷል፣ የጣቢያው መዝገብ የሰዓቱን መጨረሻ እየጻፈ ሞዴሉ መጀመሪያውን ይጠብቃል፣ ወይም የሕንፃ ራስተሩ ከካርታው ጥቂት ሜትር ተንሸራቷል። የመጨረሻውን ለመለየት ጥርት ባለ ቀን የጥላውን ጫፍ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉና ሞዴሉ በዚያው ደቂቃ የሣለውን ጥላ አስተያዩ።

ለውሳኔ ሰጪዎች የጎዳናውን አማካይ አታቅርቡ፤ 0.4ም ያመጣው ያው አማካይ ነው። ሰው የሚቆምባቸውን ቦታዎች፣ ማለትም የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ የመሻገሪያ መጠበቂያ፣ የመቀመጫ አግዳሚ ለይታችሁ በእያንዳንዱ ላይ ዩቲሲአይ ከ38 በላይ የሚሆንበትን ሰዓት ቁጠሩ። አሁን ስንት፣ ዛፉ 5 ዓመት ሲሆነው ስንት፣ ሲጎለምስ ስንት። ቀለሙንም በዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ረድፍ ስጡት።

የጎዳና_ንድፍ

ግልጽ ነው። ከመሻገሪያዎቹ አንዱ ላይ ከመሬት በታች ቧንቧ ስላለ ዛፍ አይተከልም። እዚያ ምን ይደረግ?

ነጭ_ጣሪያ

የጨርቅ ወይም የእንጨት ጥላ። ግን ጨርቁ ራሱ ይግላል፤ በስሱ ጥቁር ጨርቅ ሥር የቆመ ሰው ከላይ የሚለቀቀውን ረጅም ሞገድ ይቀበላል። ከላይ በኩል ብሩህ ቀለም ያለው፣ ብርሃን የማያሳልፍ፣ ከ3 ሜትር በላይ የተሰቀለና ጎኑ ክፍት የሆነ ይሁን፤ ነፋሱ ሥሩን ሲያጥበው ይቀዘቅዛል። ጥላው የሚወድቅበትን ደግሞ በእኩለ ቀን ብቻ አትፈትሹ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ ጥላው ከሚጠብቀው ሰው ላይ ሸሽቶ መኪና መንገዱ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ በምዕራብ በኩል ቀጥ ያለ ርብራብ ጨምሩበት።

የጎዳና_ንድፍ

ርብራቡን ለሶልዌግ እንዴት እናስገባው? ቀዳዳ አለው።

ካርታ_ሠሪ

እንደ ሕንፃ ካስገባችሁት ድፍን ግድግዳ ይሆናል። በዛፍ ራስተሩ ውስጥ አስገቡት፤ የሚያልፈውን የፀሐይ ድርሻ የርብራቡን ክፍት ቦታ በመቶኛ ስጡት። ያ ቁጥር ለሁሉም ዛፍ አንድ ስለሆነ ርብራቡን ለብቻው አስኪዱና የዚያን መሻገሪያ ውጤት ብቻ ውሰዱ።